በረዶውን ያላየው መንገደኛ፦ የጀምስ ብሩስ ሕይወትና የተራሮቻችን ጥያቄ

መግቢያ

የደብረ ታቦር ሰው በክረምት ጧት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀና ብሎ ጉናን ሲያይ አንዳንድ ቀን ጫፉን ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ሌሊቱን በረዶ ሲወርድበት አድሯል ማለት ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ነጩ ነገር ይሳሳል፣ እኩለ ቀን ሳይደርስም ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው የለም። ታዲያ ይኼ ተራ የሚመስል ነገር የዓለምን ሊቃውንት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል ቢባል ማን ያምናል? ጥያቄው ግን አጭር ነው። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በረዶ ይጥላል ወይስ አይጥልም? ከጣለስ የዓባይን ሙላት የሚያመጣው እሱ ነው ወይስ ሌላ?

በዚህ ክርክር ውስጥ ስማቸው ከሚነሣ ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስን ብዙዎቻችን የምናውቀው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ ጎንደር በመቀመጡና መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ በመውሰዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ እየተረኩ አንድ ነገር ማሳየት ነው። ይኸውም ብሩስ ስለ ዓባይ ሙላት ትክክል ሆኖ ሳለ ስለ በረዶው ለምን እንደ ተሳሳተ ነው። ለእኛ ለጂኦግራፊ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ስኬት ይልቅ ስሕተቱ የበለጠ ያስተምረናል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ልጅነቱና ወጣትነቱ

ጀምስ ብሩስ በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለ የቤተሰቡ ርስት ታኅሣሥ 14 ቀን 1730 ተወለደ። ቤተሰቡ ባለ መሬት ነበር። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ ሃሮው በሚባለው ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም ወደ ኤድንብራ ተመልሶ ሕግ ጀመረ፤ ነገር ግን ሕጉን አልወደደውም፣ ጤናውም ስላላገዘው ተወው። ሲያድግ በጣም ረጅምና ግዙፍ፣ ፀጉሩም ቀላ ያለ ሰው ሆነ። ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቁጣው ቅርብ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው እንደ ነበር የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። ይኼ ጠባዩ ኋላ በነገሩ ሁሉ ይታያል።

በ1754 የአንድ የወይን ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አድሪያና አለንን አገባና ወደ ንግዱ ገባ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ዓመት ሙሽራይቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ትዳሩ ዓመት እንኳ አልሞላም። ብሩስ ከዚያ በኋላ ሐዘኑን በጉዞና በትምህርት ለመርሳት የሞከረ ይመስላል። ስፔይንና ፖርቱጋልን ዞረ፣ ዓረብኛ ተማረ፣ ከዚያም የጀርመኑ ሊቅ ሉዶልፍ ባዘጋጃቸው መጻሕፍት አማካይነት ግዕዝን ማጥናት ያዘ። ሉዶልፍ ደግሞ ግዕዙንና አማርኛውን ያገኘው ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ስለዚህ ብሩስ ኢትዮጵያን ሳያይ ገና አገሩ ሳለ በአንድ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ እውቀት ተጠቅሟል ለማለት ይቻላል።

አባቱ በ1758 ሲሞት ርስቱን ወረሰ። በርስቱ ላይ የድንጋይ ከሰል ስለ ነበር የገንዘብ ችግር አልነበረበትም። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሄደ። እዚያ ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ ያሉ የጥንት ፍርስራሾችን እየዞረ ሥዕላቸውን አስነሣ። በዚህ ሥራ የረዳው ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር። ይህን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ጎንደር፦ የሊማሊሞ መንገድ

በ1768 ብሩስ ግብፅ ገባ። ከዚያ በቀይ ባሕር አድርጎ መስከረም 19 ቀን 1769 ምጽዋ ወረደ። ሻንጣው በመለኪያ መሣሪያ የተሞላ ነበር። ቴሌስኮፕ፣ ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትር፣ እንዲሁም የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ኳድራንት የተባለ ከባድ መሣሪያ ይዞ ነበር የመጣው። እነዚህን ሁሉ በሰው ሸክምና በእንስሳ ጀርባ ተራራ እያስወጡ ማምጣት ቀላል አልነበረም።

በአክሱም አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በየካቲት ወር 1770 መጀመሪያ ላይ የሊማሊሞን አቀበት ወጣ። ይህ ቦታ ለጽሑፋችን ቁልፍ ነውና ትንሽ እንቆይበት። ሊማሊሞ ዛሬ ከደባርቅ አጠገብ የሚገኘው ዝነኛ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ያለው በስሜን ተራሮች ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ሲሆን ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከፍ ብሎ የሚታየው የስሜን ዋና ጫፍ ራስ ዳሸን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ የሚገኘውም ወደ ምሥራቅ ብዙ ርቆ ነው። ብሩስ ያለፈው በጠርዙ በኩል ብቻ ነው፤ ወደ ጫፎቹ አልወጣም። ወሩም የካቲት ነው፤ ደረቅ በጋ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ዝናብ የሌለበት ጊዜ። በአጭሩ፣ በረዶን ለማየት ቦታውም ወሩም አልተስማሙትም።

የካቲት 14 ቀን 1770 ጎንደር ገባ። በወቅቱ በዙፋኑ ላይ ያሉት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ቢሆኑም የአገሩ እውነተኛ ጌታ የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ብሩስ ሲደርስ ከተማው በፈንጣጣ ተይዟል። ትንሽ የሕክምና እውቀት ስለ ነበረው በቁስቋም ግቢ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ያሉትን ሕሙማን እንዲያይ ተጠራ። ከሕሙማኑ መካከል የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጆች ይገኙበት ነበር። በንጽሕናና በንጹሕ አየር ላይ ያተኮረ አያያዙ ስለ ተወደደለት በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሞገስ አገኘ። ሹመትም ተሰጠው፣ ሰውም ያጎቤ እያለ ይጠራው ጀመር። የመጣበትን ነገር፣ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ፣ ሲነግራቸው ግን ብዙዎቹ ግራ ገባቸው። አንድ ሰው ውኃ ሲፈልቅ ለማየት ብሎ ይህን ያህል አገር አቋርጦ ይመጣል?

በጣና ዳር፦ ርብ፣ ጉማራና ጢስ ዓባይ

ብሩስ ጤናው ሲታወክ በ1770 የጸደይ ወራት ወደ እንፍራንዝ ወርዶ ተቀመጠ። ከዚያም በግንቦት ወር የንጉሡ ሠራዊት የዳሞቱን ፋሲልን ለመውጋት ሲዘምት እሱም በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ አድርጎ ተከተለ። ይህ መንገድ ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን በሆነው ምድር በኩል ያልፋል። የፎገራን ሜዳ አየ፣ ርብንና ጉማራን ተሻገረ፣ ደራ ደርሶ ጢስ ዓባይን ጎበኘ። ጦርነቱ ስላላመቸ ግን ከዚያ አልፎ ወደ ምንጩ ለመድረስ ሳይችል ቀርቶ ወደ ጎንደር ተመለሰ።

ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ነው። ጉና ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ሲሆን ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ በዞናችን ከእሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። ላይኛው ክፍሉ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጭ፣ ወገቡ የገብስና የድንች ማሳ፣ እግሩ ደግሞ የፎገራ ሩዝ ነው። ከጫፉ እስከ ጣና ያለው አንድ የውኃ መንገድ ነው ማለት ነው። ከላይ የሚወርደው ነገር፣ ዝናብም ይሁን በረዶ፣ መጨረሻው ጣና፣ ከዚያም ዓባይ ነው። ብሩስ ጉናን አልወጣም። የጉናን ወንዞች ግን በበጋ መጨረሻ ተሻግሯቸዋል፣ በክረምትም ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ሁለት ክረምት በአገሩ ተቀምጧል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ሊያስደንቀን የሚገባው ይኼ ነው። ብሩስ በ1770 እና በ1771 ክረምት በጎንደርና በቁስቋም የሚወርደውን ዝናብ በመሣሪያ እየለካ መዝግቧል። በኢትዮጵያ ምድር በመሣሪያ ከተለኩ የዝናብ መዛግብት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ ነው። ከዚህም ትክክለኛ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ግብፅን በየዓመቱ የሚያጥለቀልቀው ውኃ ከቀለጠ በረዶ የሚመጣ ሳይሆን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በክረምት የሚዘንበው ዝናብ ነው አለ። ዛሬ እንደምናውቀው አስዋን ከሚደርሰው የናይል ዓመታዊ ውኃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነው። የዝናብ እንጂ የበረዶ ውኃ አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ ያንን ሁሉ ውኃ ያወረደው የክረምቱ ዝናብ ነበር።

ጊሽ ዓባይ፦ ደስታና ክርክር

በጥቅምት ወር 1770 መጨረሻ ብሩስ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ከፋሲል ጋር ሰላም ስለ ነበር መንገዱ ተከፈተለት። ኅዳር 4 ቀን 1770 ሰከላ ላይ ጊሽ ዓባይ ደረሰ። መጀመሪያ በደስታ ሰከረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሐዘን ያዘው፤ ለዚህች ትንሽ ምንጭ ብሎ ስንት ነገር እንዳሳለፈ፣ የሚመለስበትም መንገድ ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ አሰበ። ያየው የጥቁር ዓባይ ምንጭ እንጂ የነጭ ዓባይ እንዳልሆነ ዓለም በሙሉ የተረዳው ግን ኋላ ነው።

እዚህ ላይ የብሩስ ድካም ብቅ ይላል። ጊሽን ከእሱ በፊት ያየ አውሮፓዊ አለ። እሱም ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ሲሆን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሚያዝያ 1618 ቦታው ላይ ቆሟል። ብሩስ ይህን አልቀበልም አለ። ፓኤዝ የጻፈውን እየነቃቀሰ ሰውየው ቦታውን አላየም ብሎ ተከራከረ። ዛሬ ግን የፓኤዝን መድረስ የሚጠራጠር የለም።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ያ አብሮት የመጣው ሠዓሊ ባሉጋኒ በ1771 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ውስጥ ታሞ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ላይ ሠዓሊው ወደ ጊሽ ከመጓዛቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። በኋላ የተገኙት የባሉጋኒ ማስታወሻዎች ግን ሰውየው ምንጩ ድረስ አብሮት እንደ ነበር ያሳያሉ። ብዙዎቹ ሥዕሎችም የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። ብሩስ ክብሩን ለሟች ባልደረባው እንኳ ማካፈል አልፈለገም። አይ ብሩስ! ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ያላየሁትም የለም የሚል ሰው ነበር ማለት ነው። የበረዶውም ነገር ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

በረዶው፦ ጥንታዊው ክርክር

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊ ፈላስፋ አናክሳጎራስ የናይልን ሙላት የሚያመጣው በኢትዮጵያ የሚቀልጥ በረዶ ነው ብሎ ነበር። ሄሮዶቱስ ደግሞ ይህን አልተቀበለም። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚሞቅ አገር ሆኖ ሳለ እንዴት በረዶ ሊኖረው ይችላል አለ። ልብ እንበል፣ አንደኛው በረዶ በመኖሩ ትክክል ሆኖ በሙላቱ ምክንያት ተሳሳተ፤ ሁለተኛው ሙላቱ ከበረዶ አይደለም በማለቱ ትክክል ሆኖ በማስረጃው ተሳሳተ። ሁለቱም ግን ተራሮቹን አላዩም።

ብሩስ ከሄሮዶቱስ ወገን ቆመ። ሙላቱ ከዝናብ መሆኑን በልኬት አረጋገጠ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እሱ ግን በስሜን ተራሮች ላይ በረዶ አላየሁም አለ፤ ያላየውንም እንደሌለ ቆጠረው። ሁለቱ አባባሎች በጣም የተለያዩ ናቸው። አንዱ ምስክርነት ነው፣ ሌላው ፍርድ ነው።

የሚገርመው ነገር ተቃራኒው ማስረጃ ከእሱ ብዙ አልራቀም። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የአክሱም ንጉሥ ያስጻፈውን ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ንጉሡ በዚያ ጽሑፍ ላይ ዘመቻውን ሲዘረዝር ተከዜን ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ፣ አገራቸውም ጭጋግና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ የሚሰጥምበት ተራራ እንደ ሆነ ይናገራል። ንጉሡ ድሉን ለማጉላት ትንሽ አጋኖ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ የማያውቅ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አያስጽፍም። የኮስማስ መጽሐፍ ደግሞ ብሩስ ከመወለዱ በፊት በ1706 ፓሪስ ላይ ታትሟል።

ሌላው ማስረጃ የነበረው በገዛ ሻንጣው ውስጥ ነው። ብሩስ ከጎንደር ይዟቸው ከሄደው የብራና መጻሕፍት መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኛሉ። በግዕዙ ሄኖክ ውስጥ ደግሞ የሰማይ መዛግብት ሲነገሩ በረድ ለብቻው፣ ሐመዳ ለብቻው፣ አስሐትያ ለብቻው ይጠራሉ። ጠጣሩን በረዶ፣ እንደ ዱቄት የሚወርደውን በረዶና ውርጩን ሊቃውንቱ በሦስት ስም ለይተዋቸዋል ማለት ነው። እርግጥ መጽሐፉ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ስለሆነ ለስሜን ተራራ ምስክር ሊሆን አይችልም። ተርጓሚዎቹ ግን ቃል አላጡም።

በዕለት አማርኛችን ሁኔታው ይለያል። በረዶ ስንል ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውን፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም ሁሉ ማለታችን ነው። ውርጭና አመዳይ የሚሉት ቃላት ቢኖሩም ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉት ጧት ሣር ላይ ለሚታየው ነጭ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ የውጭ አገር ሰው መጥቶ እዚያ ተራራ ላይ በረዶ ይጥላል ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ባላገሩ አዎ ቢለው እንኳ ስለ የትኛው እንደ ተነጋገሩ ሁለቱም ላያውቁ ይችላሉ። የመስክ ጥያቄ ስናዘጋጅ ይህን የቋንቋ ወጥመድ መርሳት የለብንም።

ስደት ያህል የከበደ መመለስ

ብሩስ በግንቦት 1771 በሰርባኩሳ ጦርነት ላይ ተገኝቷል። በዚያ ጦርነት የበጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአምሐራው ጎሹ ራስ ሚካኤልን ድል ነሡ። አገሩ እየታወከ ስለሄደ ብሩስ ታኅሣሥ 26 ቀን 1771 ጎንደርን ለቀቀ። በስናር አድርጎ፣ በኑብያ በረሃ በውኃ ጥምና በሞት አፋፍ ላይ እየተንከራተተ፣ በኅዳር 1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ። ግመሎቹ ስላለቁበት መዛግብቱንና መሣሪያዎቹን በረሃ ላይ ጥሎ ነበር፤ በኋላ ተመልሶ አነሣቸው። ዝናብ የለካበት ወረቀት ዛሬ ድረስ የደረሰን በዚህ ዓይነት ነው።

ፈረንሳይ አገር በክብር ተቀበሉት። በ1774 ለንደን ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። መጀመሪያ ሰው ሊሰማው ተሰበሰበ፤ ጥሬ ሥጋ ስለሚበላበት ግብዣና ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሲያወራ ግን ይስቁበት ጀመር። ውሸታም ነው የሚል ወሬ ተዛመተ። ከተጠራጠሩት መካከል የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ዝነኛው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ይገኝበታል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም፤ ብሩስ ግን አይቷል። ሆኖም ለንደን ውስጥ ሆኖ ያላየው ሰው ያየውን ሰው አላመነም። ፓኤዝን አላየም ያለው ብሩስ ተራው ደረሰና እሱ ራሱ አላየህም ተባለ።

ተቆጥቶ ወደ ኪኔርድ ተመለሰ። በ1776 ሜሪ ደንዳስን አግብቶ ለብዙ ዓመት ምንም ሳይጽፍ ኖረ። ሚስቱ በ1785 ስትሞትበት ወዳጆቹ ሐዘኑን እንዲረሳ መጽሐፉን እንዲጽፍ ገፋፉት። አምስት ጥራዝ የሆነው የጉዞ መጽሐፉ በ1790 ታተመ። ከጉዞው ወደ 20 ዓመት ዘግይቶ መጻፉ አንዳንድ ቀናትና ነገሮች እንዲምታቱበት አድርጓል። በሚያዝያ 1794 መጨረሻ ቤቱ እንግዶች ነበሩት። አንዲትን እመቤት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ሊማሊሞን የወጣው፣ የኑብያን በረሃ ያቋረጠው ሰው መጨረሻው ደረጃ ሆነ።

ከእሱ በኋላ የመጡት

ጊዜ ሲያልፍ ከብሩስ በኋላ የመጡ ተጓዦች የጻፈውን በአብዛኛው እውነት ሆኖ አገኙት። በበረዶው ጉዳይ ግን አልደገፉትም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በሚያዝያ 1810 በስሜን ተራሮች ላይ በረዶ እንዳየ ጻፈ። ብሩስ ለምን እንዳላየም ምክንያቱን አስቀመጠ፤ ብሩስ ያለፈው በተራሮቹ ግርጌ ብቻ ነው አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔልም በ1832 ስሜንን ሲያጠና በረዶ መዝግቧል። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የመልክዓ ምድር አጥኚዎች ከዚህ የበለጠ ነገር አገኙ። በስሜን፣ በአርሲና በባሌ ተራሮች ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር እየተንሸራተተ የቧጠጠው ሸለቆና የከመረው ድንጋይ ታይቷል። ዛሬ በአፍሪካ የበረዶ ግግር የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው፤ እሱም በየዓመቱ እየሳሳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በረዶ የሚጥል ከሆነ የበረዶ ናዳ ለምን አንሰማም? በአልፕስ ተራሮች የበረዶ ናዳ ሰፈር ያጠፋል። በየካቲት 1999 በኦስትሪያ ጋልቱር የምትባል መንደር ውስጥ ብቻ 31 ሰው ገድሏል። ናዳ እንዲፈጠር በረዶ ለሳምንታት መደራረብ አለበት። ከሥር ያለው ንብርብር ሲላላ፣ ከላይ አዲስ በረዶ ሲከብድ፣ ተዳፋቱም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ግማሹ ተራራ ተነቅሎ ይወርዳል። በእኛ አገር ተዳፋቱ ሞልቷል፤ የጎደለው መደራረቡ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ሰማዩ ደረቅ ስለሆነ ውርጭ እንጂ በረዶ የለም። በክረምት እርጥበቱ ሲመጣ ደግሞ ደመናው ሌሊቱን ስለሚያሞቀው በረዶ የሚጥለው ከ4,000 ሜትር በላይ ባሉ ጫፎች አካባቢ ነው፤ ያውም ጥቂት ቀን። በነጋታው የምትወጣው ፀሐይ ታቀልጠዋለች፤ ጥላ በያዘው ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ይቆያል። በአጭሩ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ አይገናኙም።

ይህ ማለት ተራሮቻችን አይናዱም ማለት አይደለም። የሚናደው አፈር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ብዙዎቹ የሞቱት መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሲቆፍሩ ሁለተኛ ናዳ ደርሶባቸው ነው። የበረዶ አገር ሰዎች የሚፈሩትም ይህንኑ ነው፤ አንድ ጊዜ የተናደ ቦታ ደግሞ ሊናድ ይችላል። ሕጉ አንድ ነው። ክብደት፣ ውኃ፣ ተዳፋትና የላላ ንብርብር ሲገናኙ ነጭም ይሁን ጥቁር ይወርዳል። የጉና ወገብ ሲታረስ፣ አስታው ሲቆረጥ፣ ሣሩ ሲጋጥ ደግሞ ንብርብሩን የምናላላው እኛው ነን።

ማጠቃለያ

ጀምስ ብሩስ ትልቅ ሰው ነበር። ዝናባችንን ለካ፣ ታሪካችንን መዘገበ፣ መጻሕፍታችንን ለዓለም አስተዋወቀ። በደጋችን የሚበቅለው፣ ለተቅማጥ መድኃኒት የሚሆነው ዋጊኖስ በሳይንሳዊ ስሙ እስከ ዛሬ በእሱ ይጠራል። የለካው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ጸንቶለታል። የወደቀው ሳይለካና ሳይወጣ በፈረደበት ጊዜ ነው።

እኛም በትምህርት ክፍላችን ለመስክ ሥራ ስንወጣ ከባላገሩ ብዙ ነገር እንሰማለን። ስለ በረዶ፣ ስለ ደረቀ ምንጭ፣ ስለ ተሰነጠቀ መሬት ይነግሩናል። እኛ በደረስንበት ቀን ያ ነገር ላይታይ ይችላል። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለብን የቆምነው በስንት ሜትር ላይ ነው? ወሩ ምንድን ነው? ሰዓቱስ? የጠየቅንበት ቃል ከተናጋሪው ቃል ጋር አንድ ነው ወይ? በማስታወሻችንም ላይ አላየሁም ብለን እንጻፍ እንጂ የለም ብለን አንጻፍ። ጉና ላይ በረዶ መጣሉን ለማረጋገጥ ደግሞ ለንደን መሄድም ሆነ ከለንደን ሰው መጠበቅ አያስፈልግም። በነሐሴ ሌሊት ተነሥቶ ቴርሞሜትርና ደብተር ይዞ ጎሕ ሳይቀድ ጫፉ ላይ የሚደርስ ተማሪ ይበቃል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚደርስ ሰው ግን እርጥብ ድንጋይ ብቻ ያገኛል።